የቲቢ በሽታ ከሳንባ አልፎ አንጎልን ሲያጠቃ



ይህን ጋዜጣ የሚያነቡት ምናልባት በክሊኒካችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራዎን ሲጠብቁ ይሆናል። የመጡትም ለወሊድ መከላከያ፣ ለእርግዝና ክትትል ወይም ለልጅዎ ክትባት ሊሆን ይችላል። «የቤተሰብ ምጣኔ ጋዜጣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ምን አገባው?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድብዎትም። መልሱን ከአንድ ገጠመኝ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት እናት የሦስት ወር መርፌዋን ለመወጋት ወደ ክፍሌ ገባች። ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ወንድ ልጇ በጀርባዋ ታዝሏል። የደም ግፊቷን ለካሁ፤ ክብደቷን መዘገብኩ፤ መርፌውን ሰጠኋት፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮም በካርዷ ላይ ጻፍኩላት። ልትወጣ ስትል መለስ ብላ «ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ሰሞኑን ጨዋታ ትቷል። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፤ የቀመሰውንም ይመልሳል። ዝም ብሎ መተኛት ብቻ ነው» አለችኝ። ደጅ ላይ ወረፋው ረዝሞ ነበር። እኔም ልጁን ከጀርባዋ ሳላስወርድ «ጥርስ እያወጣ ይሆናል፤ ካልተሻለው አምጪው» ብዬ ሸኘኋት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ልጁ እያንዘፈዘፈው ሆስፒታል ገባ። የያዘው የአንጎል ሽፋን ቲቢ ነበር። በኋላ ሲጣራ አብሯቸው የሚኖሩት አያቱ ለወራት ሲያስሉ እንደከረሙ፣ ልጁም ከእቅፋቸው እንደማይጠፋ ታወቀ። የአያትየው አክታ ሲመረመር ቲቢ ተገኘባቸው። ልጁ በሕይወት ተርፏል። ነገር ግን ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንደ እኩዮቹ አይታዘዙለትም።

ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ልጁ ሳያንዘፈዝፈው በፊት ወደ ሆስፒታል በላክሁት ነበር። ጥያቄዋም «ቤታችሁ ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» የምትለው ናት። ከዚያ ወዲህ ይህችን ጥያቄ ሳልጠይቅ የታመመ ሕፃን ያዘለች እናት አላሳለፍኩም። ይህን ትምህርት የምጽፈውም ጥያቄዋን ከእኔ ሳይጠብቁ እርስዎ ራስዎ በቤትዎ ውስጥ እንዲጠይቁ ነው።

ቲቢ ምንድን ነው?

ቲቢ በዓይን በማይታይ ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ባክቴሪያውን ለይቶ ለዓለም ያሳወቀው ሮበርት ኮክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። በየዓመቱ መጋቢት 15 ቀን የዓለም የቲቢ ቀን የሚታሰበውም ለዚህ ነው።

በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበትና ሕክምና ያልጀመረ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲያወራ ባክቴሪያው ከትንፋሹ ጋር ወጥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ ለረጅም ሰዓት አብሮ የሚውልና የሚያድር ሰው ይህን አየር ሲስብ ይያዛል። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። በዘር የሚወረስ ወይም በእርግማን የሚመጣም አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ቤተሰቡ አንድ አየር ስለሚተነፍስ ነው።

ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው ባክቴሪያው በሰውነቱ እንዳለ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። በሌሎቹ ዘንድ ባክቴሪያው በአመድ እንደተዳፈነ ፍም ተዳፍኖ ይኖራል። የሰውነት የመከላከል አቅም ሲደክም ግን ፍሙ ይገለጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ያህሉም ሞተዋል።

ከሳንባ ወደ አንጎል እንዴት ይደርሳል?

ብዙ ሰው ቲቢ ሲባል ሳንባን ብቻ ያስባል። ነገር ግን ባክቴሪያው በደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም ወደሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ማኅፀን ቱቦዎች፣ እንዲሁም ወደ አንጎል።

በአንድ ጊዜ በብዙ የሰውነት ክፍሎች ላይ ሲሰራጭ ሐኪሞች «ሚሊያሪ ቲቢ» ይሉታል። ስሙ የተወሰደው ደቃቅ ፍሬ ካለው የእህል ዓይነት ነው። የታማሚው ሳንባ በራጅ ሲነሳ የዳጉሳ ፍሬ የተበተነበት ይመስላልና።

አንጎላችንና ከእሱ ወርዶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር በስስ ሽፋኖች የተጠቀለሉ ናቸው። በሽፋኖቹ መካከል ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይዘዋወራል። በደም ተጉዞ አንጎል አጠገብ ያረፈው የቲቢ ባክቴሪያ መጀመሪያ ትንሽ ቁስል ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ቁስል ወደ ፈሳሹ ውስጥ ሲፈነዳ ሽፋኑ ይቆጣል። የአንጎል ሽፋን ቲቢ ወይም በቲቢ ምክንያት የሚመጣ የማጅራት ገትር የሚባለው ይህ ነው።

ጉዳቱ የሚከተለው በሦስት መንገድ ነው፦

ሀ) በአንጎል ሥር የሚጠራቀመው ወፍራም መግል መሰል ነገር ለዓይንና ለፊት የሚያገለግሉትን ነርቮች ይጫናል። ዓይን የሚሸወረው፣ ሽፋሽፍት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ) ለአንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮች ይጠባሉ። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ስለሚጎዳ ግማሽ አካል ሽባ ሊሆን ይችላል።

ሐ) የፈሳሹ መተላለፊያ ሲደፈን ውሃው በአንጎል ውስጥ ይጠራቀማል። በዚህ ጊዜ አንጎል ይጨነቃል፤ በትናንሽ ሕፃናትም ጭንቅላት ከመጠን በላይ ይተልቃል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቲቢው በአንጎል ውስጥ እንደ እጢ አብጦ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያመጣል። የአከርካሪ አጥንትን ሲያጠቃ አጥንቱ ተሸርሽሮ ጀርባ ይጎብጣል፤ ሕብለ ሰረሰር ከተጫነም እግሮች ይሰንፋሉ፤ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርም ያስቸግራል። ስለዚህ ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ጋር ከመጣ ሸክም ያመጣው ነው ብለው አይተዉት።

ይበልጥ የሚጠቁት እነማን ናቸው?

በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠቀሱት ሕፃናት ናቸው። ባክቴሪያው የገባባቸውና መከላከያ መድኃኒት ያላገኙ ከ1 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ቢቆጠሩ፣ ከ100 ውስጥ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በሚሊያሪ ወይም በአንጎል ሽፋን ቲቢ ሊታመሙ ይችላሉ። ከ1 እስከ 2 ዓመት ባሉት ቁጥሩ ከ2 እስከ 5 ይሆናል። የአዋቂው ሳል ከአዋቂው ይልቅ ሕፃኑን ፈጥኖ ሊገድል የሚችለው ለዚህ ነው።

ከሕፃናት ሌላ የሚከተሉት ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ፦

ሀ) ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ በተለይም መድኃኒት ያልጀመሩ፤

ለ) በምግብ እጥረት የተጎዱ፤

ሐ) የስኳር በሽታ ያለባቸው፤

መ) የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፤

ሠ) በቅርቡ የወለዱ እናቶች። በእርግዝና ጊዜ የቲቢ ምልክት ተሸፋፍኖ ከወሊድ በኋላ ሊገለጥ ይችላል። አራስ ያተኩሳታል፣ ያልባታል፣ ትከሳለች። «የአራስ ቤት ነው» እየተባለ ብዙ ቀን ያልፋል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው የማጅራት ገትር ድንገት የሚጀምርና በሰዓታት ውስጥ ሰውን የሚጥል ነው። በቲቢ የሚመጣው ግን ቀስ ብሎ ይገባል። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ቀስ ስለሚል ይናቃል። ሐኪሞች በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል።

አንደኛ ደረጃ፦ ታማሚው ሙሉ በሙሉ ራሱን ያውቃል። ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት መጠነኛ ትኩሳት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክሳትና ድካም ይታያል። ሕፃን ልጅ ራሱን እንዳመመው አይናገርም። ይልቁንም ጨዋታ ይተዋል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ክብደት መጨመር ያቆማል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ማጅራት ይደርቃል፤ አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት ያማል። ዓይን ይሸወራል ወይም ነገር ለሁለት ይታያል። ታማሚው ይቀባዥራል፤ ያንዘፈዝፈዋል፤ አንድ ወገን አካሉ ይሰንፋል። በትንሽ ሕፃን ላይ እርግብግቢቱ ሕፃኑ ሳያለቅስ ተወጥሮ ይታያል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ታማሚው ራሱን ይስታል፤ ሽባነቱም ይበረታል።

በዚህ መካከል ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ቀጥሎ የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «ቡዳ በላው» ይባላል። እያንዳንዱ ሙከራ ሁለትና ሦስት ቀን ይወስዳል። የተቀመጡት ቀናት ደግሞ የአንጎል ናቸው። በአንደኛው ደረጃ ሕክምና የጀመሩ ብዙዎቹ ይድናሉ። በሦስተኛው ደረጃ የደረሱት ብዙዎቹ ይሞታሉ ወይም ጉዳት ይዘው ይቀራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ሰው ብርቅ ነበር። ዛሬ መድኃኒት አለ። ሆኖም ከሚታከሙት ልጆች ከ5 አንዱ ያህል ይሞታል፤ ከሚተርፉትም ከግማሽ የሚበልጡት የመስማት፣ የማየት፣ የመንቀሳቀስ ወይም የትምህርት መቀበል ችግር ይቀርባቸዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የመድረሻ ጊዜ ነው።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ሐኪሙ በሽታውን ሲጠረጥር ከታችኛው የወገብ አጥንት መካከል በቀጭን መርፌ ጥቂት ፈሳሽ ይወስዳል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ይደነግጣል። «ከወገቡ ውሃ ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» የሚል ወሬ ስላለ ልጃቸውን ይዘው ከሆስፒታል የሚወጡም አሉ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት ቦታ በታች ነው። የሚወሰደው ፈሳሽ ጥቂት ሲሆን ሰውነት መልሶ ይተካዋል። ታማሚው ጥቂት ቀን ራሱን ወይም ወገቡን ሊያመው ይችላል። ከምርመራው በኋላ ሽባ የሆነ ሰው ቢታይ በአብዛኛው ሽባ ያደረገው የዘገየው በሽታ ነው።

ፈሳሹ በላቦራቶሪ ይታያል፤ ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያም ይመረመራል። የደረት ራጅና የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረጋል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ ምርመራው «የለም» ቢልም በሽታው ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ በምልክቶቹ ተመርኩዞ ሕክምና ቢጀምር «ሳይገኝበት ለምን መድኃኒት ይሰጠዋል?» ብለው አይከልክሉ። በዚህ ጊዜ ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ የሚሆነው ከእርስዎ የሚሰማው ቃል ነው፦ በቤት ውስጥ የሚያስል ወይም በቲቢ የታከመ ሰው አለ ወይስ የለም?

ሕክምናው

በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቲቢ ሕክምና በአብዛኛው 12 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ እነሱም ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ናቸው። በቀሩት 10 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ይቀጥላሉ። የአንጎልን እብጠት ለመቀነስም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስቴሮይድ መድኃኒት ይጨመራል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

ስለ መድኃኒቱ ማወቅ የሚገባዎት የሚከተለውን ነው፦

ሀ) ሽንት፣ ላብና እንባ ብርቱካን መልክ ይይዛሉ። ይህ የሪፋምፒሲን ቀለም ስለሆነ አያስደነግጥም።

ለ) ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማስመለስ ከበረታ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም እግርን ከደነዘዘ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በራስዎ ፈቃድ ግን መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ሐ) ታማሚው በሁለትና በሦስት ወር ይሻለዋል፤ ይበላል፣ ይስቃል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ጊዜ ነው። ባክቴሪያው ግን ገና አልሞተም። ሲመለስ መድኃኒቱን የተለማመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

መ) ጸበል የሚጠጡ ወይም ጸሎት የሚያስደርጉ ቢሆን ኪኒኑን ከዚያው ጎን ይዋጡ። እምነትዎን ለመያዝ መድኃኒትዎን መተው አያስፈልግዎትም።

መድኃኒቱን በሰው ፊት መዋጥ የሚጠየቀው ታማሚው ስለማይታመን አይደለም። ይህ በቅርብ ክትትል የሚሰጥ ሕክምና በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ተጀምሮ በየቦታው የተስፋፋው፣ ዓመት ሙሉ ለብቻ መድኃኒት መዋጥ ለማንም ከባድ ስለሆነ ነው።

የቲቢ መድኃኒትና የወሊድ መከላከያ

እዚህ ላይ ወደ ክሊኒካችን የዕለት ሥራ እንመጣለን። እባክዎ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ሪፋምፒሲን ጉበትን በሥራ ያፋጥነዋል። ጉበት ሲፋጠን የወሊድ መከላከያ ሆርሞንን ቶሎ አጣርቶ ያስወግደዋል። ስለዚህ ሴትየዋ ኪኒኗን አንድም ቀን ሳትረሳ እየዋጠች ልታረግዝ ትችላለች።

በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን፦ ከሪፋምፒሲን ጋር አስተማማኝ አይደለም። ወደ ሌላ ዘዴ መለወጥ ይገባል።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር፦ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ባለሙያ ያማክሩ፤ ሳያቋርጡም ኮንዶም ይጨምሩ።

የሦስት ወር መርፌ፣ ማለትም ዴፖ፦ ከመድኃኒቱ ጋር መጠቀም ይቻላል። የቀጠሮውን ቀን ማሳለፍ ግን አይገባም።

ሉፕ፦ ሪፋምፒሲን የሉፕን ሥራ አይነካም። ሆኖም ቲቢው የማኅፀንን አካባቢ የያዘ ከሆነ ሉፕ አይገባም።

ኮንዶም፦ ሁልጊዜም ይቻላል።

የድንገተኛ መከላከያ ኪኒንም ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ሪፋምፒሲን እየወሰዱ ከሆነ አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ። የቲቢ መድኃኒት ካለቀ በኋላም የሪፋምፒሲን ተጽዕኖ ለአንድ ወር ያህል ስለሚቆይ ወደ ቀድሞው ኪኒን ለመመለስ አይቸኩሉ። በዚህ ረገድ የተሸሸገ ሕመም በራስ ላይ ይመለሳልና፣ የቲቢ መድኃኒት እንደሚወስዱ ለወሊድ መከላከያ ነርሷ ለመንገር አይፈሩ። ለባልዎ ጭምር የሚታወቅ መረጃ ቢሆን መልካም ነው፤ ባልዎም በኮንዶም ሊተባበርዎት ይችላል።

እርግዝናና ጡት ማጥባት

እርጉዝ ሴት በቲቢ ከታመመች መታከም አለባት። አራቱ ዋና መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ ይሰጣሉ። ስትሬፕቶማይሲን ግን የፅንሱን ጆሮ ስለሚጎዳ አይሰጥም። ስለዚህ ማርገዟን ለቲቢ ክፍሉ፣ ቲቢ እንዳለባት ደግሞ ለእርግዝና ክትትል ክፍሉ መናገር አለባት። ያልታከመ ቲቢ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ለእናትም ለፅንስም የከፋ ነው። ሚሊያሪ ቲቢ ያለባት እናት በሽታውን በእንግዴ ልጅ በኩል ለፅንሱ ልታስተላልፍም ትችላለች፤ ይህ የሚያጋጥመው ግን አልፎ አልፎ ነው።

መድኃኒት የምትወስድ እናት ጡት ማጥባቷን ትቀጥላለች። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በወተቷ ሳይሆን በትንፋሿ ስለሆነ፣ የሚተላለፍበት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ታጠባለች። ሕፃኑ መከላከያ መድኃኒት እንዲጀምርና የክትባቱ ጊዜ እንዲወሰን ለባለሙያ ይታያል።

እንዴት እንከላከል?

1. የቢሲጂ ክትባት። ክትባቱን የሠሩት ካልሜትና ጌራን የተባሉ ፈረንሳውያን ሲሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ በክንዱ ላይ ይወጋል። የአዋቂን የሳንባ ቲቢ በሚገባ አይከላከልም። ሕፃናትን ከሚሊያሪና ከአንጎል ሽፋን ቲቢ ግን በአብዛኛው ይጠብቃል፤ በአማካይ ሊታመሙ ከነበሩ 10 ሕፃናት 7ቱን ያህል ያድናል። ከሳምንታት በኋላ በተወጋበት ቦታ ላይ ትንሽ ቁስል ወጥቶ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ቅባትም ሆነ ቅጠል አይቀቡት። ክትባቱ ከ10 ሰባቱን እንጂ ሁሉንም ስለማይጠብቅ «ልጄ ተከትቧል» ብለው ምልክቶቹን አይናቁ።

2. የሚያስል ሰው ይመርመር። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው በቤትዎ ካለ አክታውን ያስመርምር። የቤት አባት፣ አያት፣ ሠራተኛ ወይም ተከራይ ቢሆንም ለውጥ የለውም።

3. ቲቢ በተገኘ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ይታይ። በተለይ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጤነኛ ቢመስሉም ለምርመራ ይቅረቡ። በሽታው ከሌለባቸው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለሦስት ወይም ለስድስት ወር የሚሰጥ መከላከያ ኪኒን አለ። ከመከላከያ ኪኒኖቹም አንዳንዶቹ የሪፋምፒሲን ዘር ስለሆኑ፣ የወሊድ መከላከያ የምትጠቀም ሴት ከላይ የተነገረውን ታስታውስ።

4. መስኮትና በር ይከፈት። አየርና ፀሐይ ባክቴሪያውን ያዳክማሉ። የሚያስል ሰው አፉን በመሐረብ ወይም በክንዱ እጥፋት ይሸፍን።

5. ሳል ያለበትን ሰው አያሳፍሩ። ያፈረ ሰው ሳሉን ይደብቃል። የተደበቀ ሳል የሚያርፈው በሕፃን ልጅ ላይ ነው።

የተማሩትን ይፈትኑ

1. የአንጎል ሽፋን ቲቢ ያለበት ልጅ ከሌሎች ልጆች ይለይ? መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ አያስተላልፍም። በአስቸኳይ መፈለግ ያለበት ለእሱ ያስተላለፈው አዋቂ ነው።

2. ለሁለት ሳምንት የሚያተኩሰውና ጨዋታ የተወ ልጅ በመጀመሪያ ወዴት ይወሰድ? መልስ፦ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ማጅራቱ ከደረቀ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ዓይኑ ከተሸወረ በዚያው ሰዓት።

3. ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት ኪኒኗን ሳትረሳ ብትውጥ እርግዝና አያሰጋትም? መልስ፦ ያሰጋታል። ዘዴዋን ትለውጥ።

4. ከወገብ ፈሳሽ መውሰድ ሽባ ያደርጋል? መልስ፦ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር በሌለበት ቦታ ነው። ሽባ የሚያደርገው መዘግየት ነው።

5. ሕፃን ልጅ ሲታመም ለሐኪሙ መንገር ያለብዎት አንድ ነገር ምንድን ነው? መልስ፦ በቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖር አለመኖሩን።

ውድ አንባቢ፣ ያ ልጅ ዛሬ ተማሪ ነው። እናቱ እስካሁን በየሦስት ወሩ ትመጣለች፤ እሱም አንዳንዴ አብሯት ይመጣና በግራ እጁ ይጨብጠኛል። እናቱ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እኔ ግን እጁን በያዝኩ ቁጥር ያልጠየቅኋት ጥያቄ ትታወሰኛለች። ዛሬ ተራዎ ደርሶ ሲገቡ እኔ ወይም ባልደረቦቼ ብንረሳ፣ ወረፋ በዝቶ ብንቸኩል፣ እርስዎ ይንገሩን፦ «ቤታችን ውስጥ የሚያስል ሰው አለ» ይበሉን። ወረፋው ይጠብቃል።